አዲሱን ጉበት ከአሮጌው ቫይረስ መጠበቅ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በሄፓታይተስ ቢ ምክንያት ጉበታቸው ተጎድቶ ውጭ አገር ሄደው የጉበት ንቅለ ተከላ ካደረጉ ወገኖቻችንና ከቤተሰቦቻቸው የደረሱንን ደብዳቤዎች በዚህ እትም አንድ ላይ አቅርበናል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚጠቁም ነገርም አውጥተናል። መልሶቹ ለማስረዳት የቀረቡ እንጂ የራስዎን ሐኪም ትእዛዝ የሚተኩ አይደሉም።

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ ሄፓታይተስ ቢ እንዳለበት ያወቀው ሆዱ ውኃ መቋጠር ከጀመረ በኋላ ነው። ዘመድ ወዳጅ ተረባርቦ ገንዘብ አዋጣልንና ሕንድ ሄዶ ከታናሽ ወንድሙ ጉበት ተከፍሎ ተተከለለት። አሁን ዘጠኝ ወር ሆኖታል፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሥራውንም ጀምሯል። በቅርቡ ጥቁር አንበሳ አካባቢ ባለ አንድ ላቦራቶሪ ሲመረመር የቫይረሱ ሰርፌስ አንቲጂን ‹የለም›፣ ፀረ እንግዳ አካሉ ደግሞ ‹አለ› የሚል ውጤት ተሰጠው። ቤተሰቡ ሁሉ ‹ቫይረሱ ከአሮጌው ጉበት ጋር ወጥቷል፤ ከእንግዲህ መድኃኒቱ ለምንድን ነው?› ይላል። እርሱም ኢንቴካቪር የተባለውን ክኒን በየቀኑ መዋጥ ሰልችቶታል። በየወሩ የሚወጋውን መርፌ ደግሞ ከሕንድ በሚመጣ ሰው በበረዶ አሽገን ስለምናስመጣ ወጪውም ጭንቀቱም ከአቅማችን በላይ ሆኗል። የትኛውን ማቆም እንችላለን?» (ከልደታ)

መልስ፦ ውድ እኅቴ፣ ባለቤትዎ ለዚህ በመብቃታቸው እንኳን ደስ አለዎት። መልሱን አስቀድሜ ላስቀምጠው፦ ኢንቴካቪሩ አይቆምም፤ ዛሬም፣ ከአሥር ዓመት በኋላም አይቆምም። መርፌውን ግን ማቆም የሚቻልበት ሁኔታ ሊኖር ይችላል፤ ይህንንም የሚወስኑት ንቅለ ተከላውን ያደረጉት ሐኪሞችና እዚህ የሚከታተሏቸው የጉበት ሐኪም ተመካክረው ነው። ምክንያቱን ረዘም አድርጌ የማስረዳው፣ ለምን እንደሚወስደው በቅጡ ያልገባው ሰው አንድን ክኒን ዕድሜውን ሙሉ ሳያቋርጥ ይወስዳል ብዬ ስለማላምን ነው።

የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ዋና መኖሪያው ጉበት ነው፤ ብቸኛ መኖሪያው ግን አይደለም። በደም ውስጥ ይዘዋወራል፤ በነጭ የደም ሕዋሳት፣ በጣፊያና በሌሎችም የሰውነት ክፍሎች ተሸሽጎ መገኘቱ የታወቀ ነው። ቀዶ ሐኪሙ የታመመውን ጉበት ሲያወጣ እጅግ የሚበዛውን ቫይረስ አብሮ ያወጣል፤ የቀረው ጥቂቱ ግን አዲሱ ጉበት ደም ማስተላለፍ በጀመረበት ሰዓት ወደ እርሱ መግባት ይችላል። እርሻ ያየ ሰው ይህን ይረዳል፤ ማሳው እንደ አዲስ ታርሶ ቢጸዳም በድንበሩ ላይ የቀረች የሰርዶ ሥር ቀስ እያለች ተመልሳ ትገባለች። ከዚያም በላይ፣ ቫይረሱ የጉበት ሴል ውስጥ ከገባ በሴሉ አስኳል ውስጥ ክብ ቅርጽ ያለው የዘር ቅጂውን ያስቀምጣል። በእጃችን ያሉት ክኒኖች ቫይረሱ እንዳይባዛ ያግዱታል እንጂ ይህን ቅጂ አይፍቁትም። በዚህ ላይ ባለቤትዎ ሰውነታቸው የወንድማቸውን ጉበት እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳያጠቃው የበሽታ መከላከያ አቅምን የሚቀንሱ መድኃኒቶች ይወስዳሉ፤ እነዚህ መድኃኒቶች ለጉበቱ ሕይወት የግድ ቢሆኑም ለቫይረሱም በር ይከፍታሉ። ፕሬድኒሶሎንን የመሳሰሉት ስቴሮይዶች እንዲያውም የቫይረሱን መባዛት በቀጥታ ያነሣሣሉ።

መከላከያ ሳይሰጥ ሲቀር ምን እንደሚሆን የሕክምናው ታሪክ ራሱ ይነግረናል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በሄፓታይተስ ቢ ምክንያት ጉበት ከተተከለላቸው ሰዎች በአብዛኞቹ ላይ ቫይረሱ ተመልሶ ይመጣ ነበር፤ አዲሱም ጉበት አንዳንድ ጊዜ በወራት ውስጥ ይበላሽ ስለነበር ብዙ ማዕከላት እነዚህን ሕሙማን መቀበል አቁመው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ የአውሮፓ ጥናት 372 ተካዮችን፣ ማለትም ጉበት የተተከለላቸውን ሰዎች፣ ተከታትሎ ያገኘው ውጤት ነገሩን ለወጠው፦ የሄፓታይተስ ቢ ኢሚዩኖግሎቡሊን (ባለቤትዎ በየወሩ የሚወጉት መርፌ) ባልተሰጣቸው ላይ ቫይረሱ በሦስት ዓመት ውስጥ የመመለስ ዕድሉ 75 ከመቶ ሲሆን፣ መርፌውን ለስድስት ወርና ከዚያ በላይ በወሰዱት ላይ ግን ወደ 36 ከመቶ ወርዶ ተገኘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ላሚቩዲን የተባለው ክኒን ሲመጣና ከመርፌው ጋር ሲጣመር ቁጥሩ ከ10 ከመቶ በታች ሆነ። ባለቤትዎ ዛሬ በጤና ወደ ሥራቸው የሚሄዱት በዚህ ሁሉ ድካም በተገኘ ዕውቀት ነው።

አሁን ወደ ላቦራቶሪው ውጤት እንምጣ፤ ቤተሰቡን ያሳሳተው እርሱ ነውና። ሰርፌስ አንቲጂኑ፣ ማለትም የቫይረሱን መኖር የሚያሳየው የላይኛው ሽፋኑ ክፍል፣ አለመታየቱ በእውነት የምሥራች ነው፤ መከላከያው እየሠራ መሆኑን ያሳያል። ፀረ እንግዳ አካሉ «አለ» መባሉ ግን ባለቤትዎ እንደ ተከተበ ሰው የራሳቸውን መከላከያ አበጅተዋል ማለት አይደለም። በየወሩ የሚወጉት መርፌ ራሱ ከፍተኛ መጠን ያለው ፀረ እንግዳ አካል ካላቸው ሰዎች ደም የተወሰደ ፀረ እንግዳ አካል ነው። ላቦራቶሪው ያየው ያንን የተዋሱትን ነው፤ መጠኑም በሦስት ሳምንት ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ውጤቱን ሲያነቡ መርፌው መቼ እንደተወጋ አብሮ መነገር አለበት፤ ላቦራቶሪ በሄዱ ቁጥር ቀኑን ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

መርፌውን በተመለከተ ያሳሰበዎ ነገር ፍትሐዊ ነው። በቀዶ ሕክምናው ወቅት አሮጌው ጉበት ወጥቶ አዲሱ ከመተከሉ በፊት ባለችው ክፍተት ብዙ ማዕከላት 10,000 ዩኒት በደም ሥር ይሰጣሉ፤ ከዚያም በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ፣ በኋላ በየወሩ ይቀጥላል። ዋጋው ከባድ ነው፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ ካልተያዘም ይበላሻል፤ በረዷማ ዕቃ ውስጥ ከበረዶው ጋር በቀጥታ ተነካክቶ ራሱ በረዶ ከሆነ ደግሞ እንደዚያው ዋጋ የለውም። ሐኪሞች ይህን ሸክም ለማቅለል ለዓመታት ሠርተዋል። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ የሚገኙ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ከ400 እስከ 800 ዩኒት ብቻ በጡንቻ እየወጉ ከላሚቩዲን ጋር ሲሰጡ ቫይረሱ በአምስት ዓመት ውስጥ የተመለሰባቸው 4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በሆንግ ኮንግ ደግሞ መርፌውን ጨርሰው ትተው ኢንቴካቪርን ብቻ የሰጧቸው 265 ሰዎች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ በሆነው ውጤት በስምንተኛው ዓመት 92 ከመቶዎቹ ሰርፌስ አንቲጂን አልታየባቸውም፣ በደም ውስጥ የሚባዛ ቫይረስ ግን በአንዳቸውም ላይ አልተገኘም። በዚህ የተነሣ የአውሮፓ የጉበት ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ለአደጋ ያልተጋለጡ ሕሙማን እንደ ኢንቴካቪር ያለውን ኃይለኛ ክኒን እስከ ቀጠሉ ድረስ መርፌውን ሊያቆሙ እንደሚችሉ ይፈቅዳል።

«ለአደጋ ያልተጋለጡ» የሚለው ሐረግ ግን ቀላል አይደለም። በንቅለ ተከላው ዕለት የባለቤትዎ ቫይራል ሎድ (በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) ከፍተኛ ከነበረ፣ ከዚያ በፊት መድኃኒት የተላመደ ቫይረስ ከነበራቸው፣ ከወጣው ጉበት ውስጥ ካንሰር ከተገኘ፣ ኤች አይ ቪ ወይም ሄፓታይተስ ዲ አብሮ ካለ፣ ወይም ደግሞ ክኒኑን የሚረሱ ሰው ከሆኑ መርፌውን ለማቆም መቸኮል አይገባም። የመጨረሻውን ነጥብ አጥብቄ የምናገረው «ክኒኑን መዋጥ ሰልችቶታል» ብለው ስለጻፉልኝ ነው። ወጪው ከአቅም በላይ መሆኑን፣ ንቅለ ተከላው በተደረገበት ዕለት የነበረውን የቫይረስ መጠን፣ የወጣውን ጉበት የላቦራቶሪ ምርመራ ውጤትና የቅርቡን ምርመራ አንድ ላይ አድርጋችሁ ለሕንዱ ሐኪም ላኩለት። አብዛኞቹ ማዕከላት በኢሜይል ይመልሳሉ። ውሳኔው እስኪመጣ ድረስ መርፌው ይቀጥል።

ኃይለኞቹ ክኒኖች ከመጡ ወዲህ ቫይረሱ ተመልሶ ሲመጣ ከምናገኛቸው ምክንያቶች ዋነኛው ክኒኑ መቋረጡ ነው። ይህን በግልጽ መናገር ግዴታዬ ነው። ክኒኑ ካለቀ በኋላ ማዘዣ ይዞ ፋርማሲ ለፋርማሲ መዞር አያዋጣም፤ ቢያንስ የአንድ ወር ትርፍ በቤት ውስጥ ይኑር። ከከተማ ሲወጡ ክኒኑ ከሻንጣ ጋር ሳይሆን ከሰው ጋር ይጓዝ። አንድ ቀን ቢረሳ በዚያው ዕለት ሲታወስ ይዋጣል፤ በማግስቱ ሁለት መዋጥ ግን አያስፈልግም። ክትትሉም እንዲሁ ነው፦ በመጀመሪያው ዓመት በየሦስት ወሩ፣ ከዚያ በኋላ በየስድስት ወሩ ሰርፌስ አንቲጂንና ቫይራል ሎድ ይታያሉ። የጉበት ኢንዛይም ምርመራ ብቻውን አይበቃም፤ ቫይረሱ መባዛት ጀምሮ ኢንዛይሙ ገና ትክክል ሆኖ የሚታይበት ጊዜ አለና። መመለሱ ቶሎ ከታወቀ በአብዛኛው በመድኃኒት ይያዛል፤ ዘግይቶ ከታወቀ ግን የታናሽ ወንድማቸውን ስጦታ ሊያሳጣቸው ይችላል።

ጥያቄ፦ «ታላቅ ወንድሜ በሄፓታይተስ ቢ ጉበቱ ጠባሳ ሆኖ ለንቅለ ተከላ ወደ ቱርክ ለመሄድ ወረቀት እየጨረሰ ነው። ሐኪሙ ቴኖፎቪር አዞለታል። ጉበቱ ሊወጣ ከሆነ አሁን ቫይረሱን ማከም ምን ይጠቅማል? ገንዘቡን ለጉዞው ብናስቀምጠው አይሻልም?» (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ አይሻልም። ቫይረሱ ተመልሶ እንዳይመጣ የሚደረገው ጥንቃቄ የሚጀምረው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው፤ ምናልባትም ከሁሉ የሚበልጠው ክፍል ይኸው ነው። በንቅለ ተከላው ዕለት በደም ውስጥ ያለው ቫይረስ በበዛ ቁጥር ወደ አዲሱ ጉበት የመግባት ዕድሉ ይጨምራል፤ ወንድምዎ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲገቡ ቫይራል ሎዳቸው በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ ቢደርስ ከሁሉ የተሻለ ነው። ለዚህም ሳምንታትና ወራት ስለሚያስፈልጉ መድኃኒቱ ዛሬውኑ ይጀመር። ሌላም ተስፋ አለ። ጉበታቸው መሥራት ያቃተው አንዳንድ ሕሙማን ቫይረሱ ሲታገድላቸው ሆዳቸው የቋጠረው ውኃ ጠፍቶ፣ የቆዳና የዓይን ቢጫነቱ ለቆ፣ ንቅለ ተከላ ሳያስፈልጋቸው የቀሩ አሉ። ይህ ለሁሉ አይደርስም፤ ነገር ግን የሚደርሰው መድኃኒቱን ለጀመረ ሰው ብቻ ነው።

ከጉዞው በፊት የሚደረጉ ምርመራዎችም አሉ። የሄፓታይተስ ዲ ምርመራ ይደረግላቸው፤ ይህ ቫይረስ ያለ ሄፓታይተስ ቢ መኖር የማይችል ሲሆን፣ አብሮ ከተገኘ ከንቅለ ተከላ በኋላ ኢሚዩኖግሎቡሊኑ በቀላሉ እንዳይቆም ያደርጋል። የኤች አይ ቪ ምርመራም ግድ ነው፤ ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ሙሉ ሕክምና ሳይጀምር ኢንቴካቪርን ብቻ ከወሰደ የኤች አይ ቪ ቫይረስ መድኃኒት ይላመዳልና። ከዚህ በፊት ላሚቩዲን ወስደው ከነበረም ለቱርኩ ሐኪም መነገር አለበት።

በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረ ሲሆን፣ ጉበት ለማስተከል ግን ሕሙማን አሁንም ወደ ውጭ ይሄዳሉ። የሄፓታይተስ ቢ ሕክምናው ግን እዚሁ አለ፤ በዚያው ሆስፒታል ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ሕሙማን በቴኖፎቪር ተከታትለዋል። ወንድምዎ ከመሄዳቸው በፊት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቋሚ የጉበት ሐኪም ይኑራቸው። ሲመለሱ የሚቀበላቸው ሐኪም የሌለው ተካይ በአውሮፕላን ማረፊያው ላይ ክትትሉ ይቋረጣል።

ጥያቄ፦ «እኅቴ ጉበት ከተተከለላት ሦስት ዓመት ሆኗታል። ታክሮሊመስና ቴኖፎቪር ትወስዳለች። በቅርቡ ክሪያቲኒኗ ከፍ ማለት ጀምሯል። አንድ የምናውቀው ሰው ቴኖፎቪሩን ትታ ላሚቩዲን ብትወስድ ለኩላሊቷም እንደሚቀላት፣ ዋጋውም ርካሽ እንደሆነ ነገረን። ምን ይመክሩናል?» (ከሜክሲኮ አካባቢ)

መልስ፦ የሰውየው ሐሳብ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ አደገኛ ነው። እውነቱ፣ የተለመደው ቴኖፎቪር ዳይሶፕሮክሲል ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ኩላሊትን ሊጎዳ መቻሉ ነው፤ ሰውነት አዲሱን ጉበት እንዳያጠቃ የሚሰጠው ታክሮሊመስም በበኩሉ ኩላሊትን ስለሚጫን ሁለቱ ሲገናኙ የኩላሊትን አሠራር የሚያሳየውን የክሪያቲኒን ምርመራ በቅርብ መከታተል ግድ ይሆናል። አደገኛው ወገን ላሚቩዲን ነው። ቫይረሱ ላሚቩዲንን በቶሎ ይላመደዋል፤ ንቅለ ተከላ ባላደረጉ ሕሙማን ላይ እንኳ በመጀመሪያው ዓመት ከአምስቱ በአንዱ፣ በአምስተኛው ዓመት ደግሞ በ70 ከመቶ ገደማ ላይ መላመድ ታይቷል። አንዴ ላሚቩዲንን የተላመደ ቫይረስ ለኢንቴካቪርም ደካማ ምላሽ ስለሚሰጥ፣ ርካሹ ክኒን ነገ የሚያስፈልጋትን ጥሩ መድኃኒት አስቀድሞ ያበላሽባታል።

ትክክለኛዎቹ አማራጮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ቴኖፎቪር አላፈናሚድ ነው፤ በቀን 25 ሚሊ ግራም የሚወሰድ ሲሆን ለኩላሊትና ለአጥንት ከቀድሞው ይሻላል። ሁለተኛው ኢንቴካቪር ነው፤ እኅትዎ ከዚህ በፊት ላሚቩዲን ካልወሰዱ ይስማማቸዋል፤ መጠኑ ግን እንደ ኩላሊታቸው አቅም ይስተካከላል። ለውጡ በሐኪም ትእዛዝ ይደረግ፤ አሮጌው መድኃኒት የሚቆመው አዲሱ በእጅ ከገባ በኋላ ነው፤ በመካከል አንድም ባዶ ሳምንት እንዳይኖር። ክሪያቲኒን ከፍ ማለቱ ምናልባት የታክሮሊመስ መጠን ከመጠን በላይ ሆኖ ሊሆንም ስለሚችል፣ ቴኖፎቪሩ ከመወንጀሉ በፊት በደም ውስጥ ያለው የታክሮሊመስ መጠን ይለካ።

ሳይጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር፤ በአገራችን ሁኔታ ሊታለፍ አይገባምና። እኅትዎ የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው ሕክምና ቢጀመርላቸው፣ ሪፋምፒሲን የተባለው ዋነኛ መድኃኒት በደም ውስጥ ያለውን ታክሮሊመስ እጅግ ያወርደዋል፤ የቴኖፎቪር አላፈናሚድንም ኃይል ይቀንሰዋል። የነቀርሳ ሕክምና በሚሰጥበት ጤና ጣቢያ «ጉበት ተተክሎልኛል» ብለው ከመጀመሪያው ቀን ይናገሩ። ክላሪትሮማይሲንና ፍሉኮናዞል ደግሞ በተቃራኒው ታክሮሊመስን ከፍ ያደርጉታል። በራስ ውሳኔ ከመንገድ ዳር ፋርማሲ የሚገዛ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ለተካይ ሰው አይሆንም።

ጥያቄ፦ «ጉበት ከተተከለልኝ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ሃይማኖተኛ ሰው ነኝ፤ ሁዳዴን መጾም እፈልጋለሁ፤ እንጦጦ ማርያምም ሱባኤ ገብቼ ፀበል መጠመቅና መጠጣት አስቤአለሁ። አንዳንዶች በሱባኤው ጊዜ መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል ነው ይሉኛል። ኢንቴካቪር፣ እንዲሁም የመከላከያ አቅምን የሚቀንሱትን ታክሮሊመስና ማይኮፌኖሌት እወስዳለሁ።» (ከቸርችል ጎዳና አካባቢ)

መልስ፦ እምነትዎን አከብራለሁ፤ በዚያ ስፍራ መጽናናትን ያገኙ ብዙ ሕሙማን አውቃለሁ። መድኃኒቱን ማቋረጥ ግን እምነትዎ የሚጠይቅዎ ነገር አይደለም። አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ በነበሩበት ዘመን ቤተ ክርስቲያኗ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን መድኃኒቱን ከፀበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ በይፋ አስተምራለች፤ ያው ትምህርት ለእርስዎም ይሠራል። ከመሄድዎ በፊት የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው የጾም ሥርዓት እንደ አቅሙ እንደሚቀልለትም እርሳቸው ያስረዱዎታል።

የጾሙን ነገር ከክኒኖቹ ጋር እንዲህ ማስማማት ይቻላል። ኢንቴካቪር በባዶ ሆድ፣ ማለትም ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላና ቀጣዩ ምግብ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ይወሰዳል፤ በዚህ በኩል ጾሙ አያስቸግርዎትም፣ ከእራት በኋላ ሁለት ሰዓት ቆይተው ሲተኙ መዋጥ ይችላሉ። ታክሮሊመስ ግን በየ12 ሰዓቱ የግድ ነው፤ የጠዋቱን ሁለት ሰዓት ክኒን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማቆየት አይቻልም። ይህን ክኒን ለመዋጥ የሚበቃ ውኃ መጠጣት ይኖርብዎታል። ረጅም ሰዓት ያለ ውኃ መቆየትም ታክሮሊመስ ለሚወስድ ሰው ኩላሊት መልካም አይደለም፤ እኔ ብጠየቅ ከእንስሳት ተዋጽኦ መከልከሉን ይጠብቁ፣ ውኃ ግን ቀኑን ሙሉ ይጠጡ እላለሁ።

መጠመቁ ቁስል ከሌለብዎት ጉዳት የለውም፤ ብርዱን ግን ይጠንቀቁ። መጠጣቱ ላይ እጠነቀቃለሁ። የመከላከያ አቅሙ በመድኃኒት የተቀነሰ ሰው ካልተጣራ ውኃ አሜባና ጃርዲያ ቢይዘው ከሌላው ሰው ይልቅ ይከብድበታል፤ ተቅማጥ ደግሞ በደም ውስጥ ያለውን ታክሮሊመስ ወደ ላይ ያወጣዋል። ጥቂት ለበረከት መቅመስና በሊትር መጠጣት አንድ አይደሉም። በተጨማሪም በአካባቢው «የጉበት መድኃኒት» እየተባለ በጠርሙስ የሚሸጠውን የቅጠል ጭማቂ ፈጽሞ አይንኩ፤ ምን እንዳለበት ሳይታወቅ ጉበትን በቀጥታ የሚመርዝ፣ ወይም የታክሮሊመስን መጠን የሚያዛባ ሊሆን ይችላል። ኢንቴካቪር ለሁለት ሳምንት ሱባኤ ቢቋረጥ ቫይረሱ መባዛት ሊጀምር ይችላል፤ እርስዎም ምንም ሳይሰማዎት ወደ ቤትዎ ይመለሳሉ። ስለዚህ ክኒኖችዎን በቀን በቀን ከፋፍለው ይዘው ይሂዱ፤ አብሮዎ የሚሰነብት ሰው ካለም ሰዓቱን እንዲያስታውስዎ ይንገሩት።

ጥያቄ፦ «እኔ ሄፓታይተስ ቢ ኖሮብኝ አያውቅም፤ ጉበቴን የጎዳው የራሴ የመከላከያ ሥርዓት እንደሆነ ተነግሮኛል። ሊለግሰኝ የተዘጋጀው ወንድሜ ግን ሲመረመር ሰርፌስ አንቲጂን ባይኖርበትም ‹ኮር አንቲቦዲ› አለው ተባለ። ጤነኛ ነው ይላሉ፤ ታዲያ ለምን ያሳስባል?» (ከፒያሳ)

መልስ፦ ወንድምዎ ከዓመታት በፊት፣ ምናልባትም በልጅነታቸው፣ በሄፓታይተስ ቢ ተይዘው ሰውነታቸው አሸንፎታል። ቫይረሱ በስፋት በሚገኝበት እንደ እኛ ባለ አገር ይህ ውጤት በብዙ ጤነኞች ላይ ይታያል። እርሳቸው ጤነኛ ናቸው መባሉም ትክክል ነው። ችግሩ ከላይ የጠቀስኩት የዘር ቅጂ በጉበታቸው ሴሎች ውስጥ ተኝቶ መኖሩ ነው፤ የወንድምዎ ሰውነት ይዞ ያቆየው ቫይረስ፣ የመከላከያ አቅምዎ በመድኃኒት በተቀነሰው በእርስዎ ሰውነት ውስጥ ሊነቃ ይችላል። መከላከያ ካልተወሰደ፣ ቫይረሱን ጨርሶ አግኝቷቸው ከማያውቁ ተካዮች መካከል በግማሾቹ ገደማ ላይ ይህ ሆኖ ታይቷል።

ይህ ማለት የወንድምዎ ጉበት አይሆንም ማለት አይደለም። ከንቅለ ተከላው ዕለት ጀምሮ ክኒን ከተወሰደ አደጋው ወደ ጥቂት ከመቶ ይወርዳል፤ ኢሚዩኖግሎቡሊን በአብዛኛው አያስፈልግም። ጊዜ ካለዎት አሁኑኑ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ይጀምሩ፤ የታመመ ጉበት ያለበት ሰው ለክትባቱ የሚሰጠው ምላሽ ደከም ያለ ቢሆንም፣ ከንቅለ ተከላ በኋላ ከሚሰጠው ይሻላል። ክትባቱ ቢይዝልዎትም ክኒኑን ስለማስቀረት ሐኪምዎ ካልነገረዎት በቀር አያስቡ።

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ ተካይ ነው፤ ሄፓታይተስ ቢ ነበረበት። እኔና ልጆቼ መከተብ አለብን? እርሱስ ራሱ ቢከተብ መርፌውንም ክኒኑንም መተው አይችልም?» (ከለገሃር)

መልስ፦ በመጀመሪያ ሁላችሁም ተመርመሩ፤ ምናልባት ከእናንተ አንዱ ሳያውቅ ቫይረሱ ይኖርበት ይሆናል፤ ለዚህ ሰው ደግሞ የሚያስፈልገው ክትባት ሳይሆን ክትትል ነው። ነጻ የሆናችሁት ሦስቱን መርፌ ትከተባላችሁ፦ የመጀመሪያውን ዛሬ፣ ሁለተኛውን ከአንድ ወር በኋላ፣ ሦስተኛውን በስድስተኛው ወር። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ የተወለዱት ልጆች በመደበኛው ክትባት ውስጥ በስድስተኛ፣ በአሥረኛና በአሥራ አራተኛ ሳምንታቸው ወስደውት ሊሆን ስለሚችል የክትባት ካርዳቸውን ይመልከቱ። እርስዎ ግን ከሦስተኛው መርፌ አንድ ወር እስከ ሁለት ወር በኋላ የፀረ እንግዳ አካልዎን መጠን ያስለኩ፤ በሚሊ ሊትር ከ10 ሚሊ ዩኒት በላይ ከሆነ ክትባቱ ይዞልዎታል።

የባለቤትዎን ክትባት በተመለከተ፣ በአንዳንድ ማዕከላት ኢሚዩኖግሎቡሊኑን በክትባት ለመተካት ተሞክሯል፤ ከተከተቡት መካከል የራሳቸውን ፀረ እንግዳ አካል ያወጡ ቢኖሩም፣ የመከላከያ አቅም በሚቀንሱ መድኃኒቶች ምክንያት ምላሹ በአብዛኞቹ ላይ ደካማ ሆኗል። ስለዚህ የእርሳቸው ጥበቃ ክኒኑ ነው። ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽና የጥፍር መቁረጫ በየግል ይሁን፤ በመብል፣ በመጠጥና በመተቃቀፍ ግን ሄፓታይተስ ቢ አይተላለፍምና በአንድ መሶብ አብራችሁ ብሉ።